የእንጦጦ ልምላሜ በቁጥር ሲነበብ

ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አዲስ አበባን በሰሜን የሚያዋስነው የእንጦጦ ሰንሰለት ዝናቡን ለዓባይና ለአዋሽ የሚያካፍል ጀርባ በመሆኑ፣ በተራራው ላይ ባለው በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ደን መመናመንና ማገገም ቀበናን በመሳሰሉ ወንዞች ዳር ለሚኖረው የከተማ ሕዝብ የጎርፍና የደለል ጉዳይ ነው። ይህን ለውጥ በየጊዜው ለመከታተል ተመራማሪዎች የመረጃ ትንተናን፣ ማለትም ብዙ ልኬቶችን በስሌት አጣርቶ ትርጉም የማውጣትን ሥራ ይጠቀማሉ።

ጥሬ መረጃው በአብዛኛው የሚገኘው ከሳተላይት ነው። የላንድሳት ሳተላይቶች ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምድርን ምስል ሲያነሱ የቆዩ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አምጥቃ፣ መረጃ መቀበያ ጣቢያዋን በዚያው በእንጦጦ ተራራ ላይ አድርጋለች። ጤነኛ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ለምግብ ዝግጅቱ ስለሚመጥና ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ጨረር አብዝቶ ስለሚመልስ፣ ከቅጠሉ ተመልሶ ከሚመጣው ኢንፍራሬድ ተመላሹ ቀይ ብርሃን ተቀንሶ ልዩነቱ ለድምራቸው ሲካፈል ከ-1 እስከ 1 የሚደርስ የልምላሜ መለኪያ ይገኛል።

ሆኖም ይህ ቁጥር በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባውን ባሕር ዛፍና ነባሩን የሐበሻ ጽድ በአንድ ዓይን ሊያይ ይችላል፤ በክረምት ደግሞ ሣሩም ይለመልማል፣ ደመናውም ምስሉን ይጋርዳል። ስለዚህ ከአንድ ምስል ይልቅ የብዙ ዓመታት ተከታታይ ምስል ይመረመራል፦ ሣር በበጋ ሲደርቅ የሣሩ ቁጥር ያሽቆለቁላል፣ ተቆርጦ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ ቁጥሩ በድንገት ወድቆ በጥቂት ዓመታት መልሶ ይነሣል፣ ሳይቆረጥ የኖረ ጽድ ግን ብዙ አይዋዥቅም። የስሌቱ ትክክለኛነትም በቦታው ተገኝቶ ዛፉን በለየ ሰው መዝገብ፣ ያውም ለስሌቱ መሥሪያ ባልዋለ መዝገብ መፈተሽ አለበት።

እጅግ ሊታሰብበት የሚገባው ከላይ የማይታየው ነው። እናቶች ለማገዶ ከዛፉ ሥር ቅጠልና ጭራሮ ጠርገው በጀርባቸው ሲያወርዱ፣ ኑሮ ያስገደዳቸው በመሆኑ ሊወቀሱ ባይገባም፣ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፤ የዛፉ አናት አረንጓዴ እንደሆነ ስለሚቆይም ሳተላይቱ ጉዳቱን አይመዘግብም። ስለዚህ የራጉኤልን ተዳፋት የሚያጠና ተመራማሪ ከምስሉ ጎን ለጎን በዛፎቹ ሥር ያለውን የቅጠል ንጣፍ ውፍረት በመሬት ላይ መለካት፣ ከዝናብ በኋላም ከቀበና ውኃ ናሙና ቀድቶ የያዘውን ደለል መመዘን ይኖርበታል።