በረዶ የገባበት ሻይ ጤና ነው?

እ.ኤ.አ. በ2014 ግንቦት ወር አንድ የ56 ዓመት ሰው በአሜሪካ አርካንሳው ግዛት ሆስፒታል ገባ። ድካም፣ አቅም ማጣትና የሰውነት ቁርጥማት አስቸግሮታል። ሲመረመር ኩላሊቶቹ ሥራ እያቆሙ ነበር። በቤተሰቡ የኩላሊት በሽታ የለም፤ መርዝነት ያለው ነገርም አልጠጣም። ከኩላሊቱ የተወሰደው ናሙና ግን ኦክሳሌት በሚባል ንጥረ ነገር ክሪስታሎች ተሞልቶ ተገኘ። ሐኪሞቹ ምን እንደሚበላና እንደሚጠጣ ሲጠይቁት ምክንያቱ ወጣ፤ በየቀኑ 16 ብርጭቆ አይስ ቲ፣ ማለትም በረዶ የገባበት ሻይ፣ ይጠጣል። እያንዳንዱ ብርጭቆ ወደ 240 ሚሊ ሊትር ይይዛልና ድምሩ 4 ሊትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሰውየው ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ጀመረ፤ ታሪኩም በ2015 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ታተመ።

ዜናው በየአገሩ ሲናኝ አንባቢው የያዘው «አይስ ቲ ኩላሊት ይገድላል» የሚለውን ነው። ይህ ከእውነቱ ይርቃል። ሰውየው ከሻይ ብቻ በቀን ከ1,500 ሚሊ ግራም በላይ ኦክሳሌት ያገኝ ነበር፤ አንድ አሜሪካዊ ከምግቡ ሁሉ በአማካይ የሚያገኘው ግን ከ150 እስከ 500 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። እንዲያውም በ2013 የታተመ፣ ከ190 ሺህ በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ሻይ አዘውትረው የሚጠጡት በኩላሊት ጠጠር የመያዝ ዕድላቸው በ11 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። በዚያው ጥናት ስኳር ያለበት ኮላ በየቀኑ የሚጠጡት ግን ዕድላቸው በ23 በመቶ ከፍ ብሏል። የሻዩ ፈሳሽነት ኩላሊትን ያጥባል፤ ኦክሳሌቱ የሚጎዳው ልክ ሲያልፍ ነው። የኩላሊት ጠጠር ይዞት የሚያውቅ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር በሻይ ባይበረታ ይሻለዋል።

የአርካንሳው ሰው ታሪክ ለእኔ የሚነግረኝ ሌላ ነገር ነው። ትኩስ ሻይ ልኩን ራሱ ይወስናል። በትንሽ ብርጭቆ ይቀርባል፣ እፍ እየተባለ ይጠጣል፣ ሁለተኛውን ከጠጡ በኋላ ሦስተኛውን የሚያዝ ጥቂት ነው። በረዶ ሲገባበት ይህ ሁሉ ይቀራል። አራት ሊትር ትኩስ ሻይ በቀን ጠጣ ቢባል ማን ይችላል? በአሜሪካ ከሚጠጣው ሻይ አብዛኛው በበረዶ የሚጠጣ ነው፤ በብዙ ምግብ ቤቶችም ብርጭቆው በጎደለ ቁጥር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሞላል።

መጠጡ ተወዳጅ የሆነው በ1904 በሴንት ሉዊስ ከተማ በተካሄደው የዓለም ትርኢት ነው ይባላል። አሠራሩ ግን በ1879 በታተመ የማሪዮን ካቤል ታይሪ የቨርጂኒያ የቤት አያያዝ መጽሐፍ ላይ አስቀድሞ ሰፍሯል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጣፋጩ ሻይ የማንነት ጉዳይ ሆኗል። በ2003 የጆርጂያ ምክር ቤት አባላት አይስ ቲ የሚሸጥ ምግብ ቤት ሁሉ ጣፋጩንም እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። ቀልድ ነበር፤ ሆኖም የሚቀለደው በሚወደድ ነገር ነው።

ክርክሩ የሚበረታው እዚህ ስኳሩ ላይ ነው። በመቶ ሚሊ ሊትር 7 ግራም ስኳር ያለበት አንድ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ በጠቅላላው 35 ግራም፣ ማለትም ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ከዕለቱ ኃይል ከተጨማሪ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ መክሯል። ለአዋቂ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ከዚህ የዕለት ድርሻ ያልፋል። ቤታችን መጥቶ ሻዩ ላይ ዘጠኝ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር እንግዳ ብናይ እንደነግጣለን፤ ጠርሙሱ ሲያደርገው ግን አናየውም። ቅዝቃዜ የምላስን የጣፋጭ ስሜት ስለሚቀንስ ደግሞ አምራቹ ስኳሩን ለማብዛት ምክንያት አያጣም።

መንግሥታትም ይህን ለማየት ጊዜ ወስዶባቸዋል። ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2017 የ50 በመቶ የኤክሳይዝ ታክስ የጣሉት ጋዝ ባላቸው ለስላሳ መጠጦች ላይ ነበር። የታሸገ አይስ ቲ ጋዝ ስለሌለው ብቻ አመለጠ። ታክሱ ወደ ሌሎች ጣፋጭ መጠጦች የሰፋው በ2019 ታኅሣሥ ነው። ብሪታኒያ በ2018 የጣለችው ቀረጥ ግን የሚመዘነው በስኳሩ መጠን ነው፤ በመቶ ሚሊ ሊትር 5 ግራም ከደረሰ ይከፈልበታል። ይህኛው የተሻለ መንገድ ይመስለኛል፤ አምራቹ ስኳሩን ሲቀንስ ይጠቀማልና። ስኳር የሌለው ተብሎ በማጣፈጫ የሚሸጠውም ነጻ ፈቃድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ክብደት ለመቀነስ ሲባል እነዚህን ማጣፈጫዎች መጠቀም እንደማይመከር አስታውቋል።

«ሻይ ለልብ ጥሩ ነው ተብሏል» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው። በ2022 ወደ ግማሽ ሚሊዮን በሚጠጉ ብሪታኒያውያን ላይ የተሠራ ጥናት በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ኩባያ የሚጠጡት የመሞት ዕድላቸው ከማይጠጡት ከ9 እስከ 13 በመቶ ያነሰ መሆኑን ዘግቧል። ያ ግን በኩባያ የተቀዳ ሻይ ነው። ይህ ጥቅም ፖሊፊኖል ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች እንደሚመጣ ይታሰባል፤ በ2010 ለአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ጥናት ደግሞ ስድስት የታሸጉ ሻዮችን መርምሮ በአንዳንዶቹ የተገኘው ፖሊፊኖል ኢምንት ስለነበር፣ ቤት የተፈላውን አንድ ኩባያ ለመተካት 20 ጠርሙስ ያስፈልጋል ብሏል። ሃያ ጠርሙስ ከነስኳሩ!

ለሀበሻ ገበታ ልዩ ትኩረት የሚሻው ጉዳይ የብረት ማዕድን ነው። የሻይ ፖሊፊኖል ከጤፍ፣ ከምስርና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። በ1999 በታተመ የሙከራ ውጤት፣ ከዳቦ ጋር የተጠጣ ጥቁር ሻይ የብረቱን መመጠጥ ከ79 እስከ 94 በመቶ ቀንሶታል። ሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ይህን ያህል አይጎዳም። ስለዚህ በጾም ወራት፣ ገበታው ሁሉ ከዕፅዋት በሚሆንበት ጊዜ፣ ጉዳቱ ይበረታል። አይስ ቲ ደግሞ እንደ ውኃ ሆኖ ከምሳ ጋር የሚቀርብ መጠጥ ነው። በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመውለድ ዕድሜ ካሉት ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሻዩን ከምግቧ አንድ ሰዓት ብታዘገየው ምንም አይጎድልባትም። ሎሚም ቫይታሚን ሲ ስላለው በተወሰነ ደረጃ ይረዳል።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ በወንጂም ሆነ በመተሐራ፣ ውኃው ራሱ ፍሎራይድ የሚበዛበት ነው። የሻይ ቅጠልም ፍሎራይድ ያከማቻል። እዚያ ለሚኖር ሰው ሻይን በሊትር መጠጣት ለጥርስና ለአጥንት ተጨማሪ ሸክም ነው።

ቅዝቃዜው በራሱ ግን አይወቀስም፤ እንዲያውም ይመሰገናል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆኑ መጠጦችን ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጡ ከሚችሉት መድቧቸዋል። የሚያንገበግብ ሻይ መጠጣት የለመደ ሰው ቢያቀዘቅዘው ይጠቀማል። ሻዩን ውኃ ሳያፈሉ በማሰሮ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ግን ጥሩ አይደለም፤ ውኃው ባክቴሪያን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት ላይ አይደርስምና። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይህን ልማድ አይመክርም፤ የተፈላውም ከስምንት ሰዓት በላይ ሳይቀመጥ እንዲጠጣ ያሳስባል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ በቀረፋና በቅርንፉድ በደንብ ተፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ሎሚና በረዶ ገብቶበት፣ ስኳር ሳይበዛበት በቀን ሁለት ሦስት ብርጭቆ የሚጠጣ ሻይ ጤናማ መጠጥ ነው። የታሸገው ጣፋጭ ግን ከለስላሳ መጠጥ ጋር የሚመደብ ነው፤ በላዩ የተሳለው የሻይ ቅጠልና ሎሚ አያሳስትዎ። ለልጅዎ ምሳ ከመግዛትዎ በፊት ጠርሙሱን ገልብጠው የስኳሩን መጠን ያንብቡ።