የደጃፉ ዘበኛና መርዙ

በአብነት ግቢዎች ውሻ ጌጥ አይደለም፤ የቤቱ ዘበኛ ነው፤ ደመወዙም ፍርፋሪ። በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ለሚሌኒየሙ በዓል ስትሰናዳ፣ የመንገድ ውሾች በመርዝ መገደላቸው ተሰምቶ ለእንስሳት የሚቆረቆሩ ሰዎች ተቃወሙ። ለዚህ ሥራ የሚውለው ስትሪክኒን ጡንቻን አኮማትሮ እስትንፋስን የሚያግድ ነው፤ ባለቤት ያለውንም ከሌለው አይለይም፤ ሌሊት ከአጥር የወጣውም የቤት ውሻ ይበላዋል።

ልጁ የተነከሰበት አባት በዚህ ባያዝን አንፈርድበትም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ ወዲያ የሚድን ከቶ ጥቂት ነውና። ነገር ግን ከመቶው ውሻ 70ው በየጊዜው ቢከተብ የበሽታው መተላለፊያ ይቋረጣል። ለበግ መግዣ የማይሰስት ቤተሰብ ለውሻው ክትባት ሲሆን ለምን ይዘነጋ ይሆን?

እስከዚያው ድረስ ውሻችሁን ማታ ከግቢ አታውጡ። የተነከሰም ሰው ቢኖር ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።