ባለቀለም ፍጅል በጓሮ፦ አዘራሩ፣ የዘር አያያዙና አጠቃቀሙ

መግቢያ

ጓሮ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰቡት ጎመን፣ ቃሪያና ሽንኩርት ናቸው። ፍጅል የእነዚህን ቦታ የሚተካ አይደለም። ነገር ግን ትንንሹ ዓይነት ከተዘራ ከ25 እስከ 30 ቀን ውስጥ ስለሚደርስ፣ ሌላው አትክልት እስኪደርስ ድረስ ለቤተሰቡ የሚበላ ነገር ይሰጣል። ዝናቡ በሚዛባበት በሐብሩና በአካባቢው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ፍጅል የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ ነው። ሥሩ ቀይ፣ ነጭ፣ ሮዝ፣ ሐምራዊ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ውጩ ነጣ ያለ አረንጓዴ ሆኖ ውስጡ እንደ ሐብሐብ የቀላም አለ። ብዙዎቹ ከትውልድ ወደ ትውልድ የወረዱ ነባር ዘሮች ናቸው። ዘራቸው በአግባቡ ከተያዘ በየዓመቱ እናታቸውን መስለው ይበቅላሉ። ከዲቃላ ዘር የሚለዩትም በዚህ ነው።

ወቅትና የመሬት ዝግጅት

ፍጅል ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። ሙቀት ሲበዛበት ሥሩ ሳይወፍር ያብባል፤ ጣዕሙም ያቃጥላል። ከወልድያ በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ ሲወረድ ሙቀቱ ስለሚጨምር፣ በመርሳ ዙሪያ የመስኖ ውኃ ያለው ገበሬ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ እንዲዘራ እንመክራለን።

አፈሩ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ይቆፈር፤ ድንጋዩም ይለቀም። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይጨመርበት። ጥሬ ፍግ ቅጠሉን ያበዛል፣ ሥሩንም ያጣምማል። ባለፈው ወቅት ጎመን በነበረበት መደብ ላይ አይዘራ፤ ተባያቸው አንድ ነውና።

አዘራርና እንክብካቤ

ፍጅል ችግኙ አይዛወርም፤ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራል። ጥልቀቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በረድፎች መካከል 20፣ በተክሎች መካከል ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ መደብ በዚህ ዓይነት 200 ያህል ሥር ይይዛል። ሁሉም በአንድ ቀን ደርሶ እንዳይበላሽ መደቡን አራት ላይ ከፍሎ በየሳምንቱ አንዱን ክፍል መዝራት ይበጃል። ትልልቆቹ ዓይነቶች ግን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር መራራቅ አለባቸው፤ ለመድረስም ሁለት ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል።

ውኃው ትንሽ ትንሽ ሆኖ ሳይቋረጥ ይጠጣ። ደርቆ የቆየ መደብ በድንገት ሲጠጣ ሥሩ ይሰነጠቃል። ቅጠሉን የሚበሱ ቁንጫ መሰል ጥንዚዛዎችና ክሽክሽ ይጠናወቱታል፤ ስለዚህ ማለዳ ማለዳ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል።

ዘር መያዝ

የሐብሩ ገበሬ የማሽላን ዘር ከማሳው ላይ ራስ ራሱን መርጦ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ፍጅልም መመረጥ ይፈልጋል። ምርቱ ሲነቀል መልካቸው የጠራ፣ ያልተሰነጠቁና ቀድመው ያላበቡ ከ10 የማያንሱ ሥሮች ተለይተው እንደገና ይተከሉ። ቀድሞ ካበበው ዘር መውሰድ ቀድሞ የሚያብብ ዘር ማብዛት ነው።

ንብ የአንዱን ቀለም ብናኝ ወደ ሌላው ስለምታደርስ፣ በአንድ ወቅት አንድ ቀለም ብቻ እንዲያብብ ይደረግ። ጎረቤት ሌላ ቀለም ካለው ተመካክሮ ተራ መግባት ይገባል። ጎመን ግን ከፍጅል ጋር በቀላሉ ስለማይዳቀል አያሰጋም። የፍጅል ፍሬ ከረጢት እንደ ጎመን በቀላሉ አይረግፍም፤ ደርቆ ተወቅቶ ይበጠራል። በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ዘር ለ4 ዓመት ያህል ይበቅላል።

አጠቃቀም

ቀይ ቀለሙ በልጡ ላይ ስለሆነ አይላጥ፤ ታጥቦ በስሱ ተከትፎ በጨውና በሎሚ ይበላ። ሎሚው ቀለሙን ያደምቀዋል፤ መቀቀል ግን ያደበዝዘዋል። ለጋው ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ በዘይትና በሽንኩርት ይሠራል፤ ለጾምም ይሆናል። በቪታሚን ሲና በካልሲየም ቅጠሉ ከሥሩ ስለሚበልጥ አይጣል። ሥሩን ለማቆየት ሲታሰብ ቅጠሉ ወዲያው ይቆረጥ፤ አለበለዚያ የሥሩን ውኃ ስቦ ያጠወልገዋል።

ማጠቃለያ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘራ ሰው በአንድ ቀለምና በአንድ ትንሽ መደብ እንዲጀምር እናሳስባለን። ከዚያ መደብ የተያዘ ጥሩ ዘር ለከርሞ ለራስ በቅቶ ለጎረቤትም ይተርፋል።