የደረሰ ኮምፖስት እስከ ዘር ወቅት እንዴት ይቀመጥ?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ለካራቆሬና ለአካባቢዋ ቤተሰቦች የቀረበ ትምህርት፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የወጣ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የሞተችን ምድር በዝናብ ሕያው ለሚያደርገው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ስለ ኮምፖስት አዘገጃጀት ብዙ ተብሏል። የግብርና ባለሙያዎች በየቀበሌው አስተምረዋል፤ ብዙ ቤተሰብም ፍጉን፣ ቅጠሉንና የማድቤቱን ትራፊ እየከመረ ማዳበሪያ መሥራቱን ለምዷል። ብዙ ያልተነገረለት ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ኮምፖስቱ ደረሰ፤ ማሳው ግን ገና ዝናብ ይጠብቃል። በዚህ መካከል የት ይቆይ? እንዴት ይጠበቅ? የዛሬው ርዕሳችን ይኸው ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለይፋት ቆላ ሰዎች ተራ ጥያቄ አይደለም። በካራቆሬም ሆነ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትም ሆነ በዙሪያው ለኮምፖስት የሚሆን እርጥብ ቅጠልና አረም በብዛት የሚገኘው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ያን ጊዜ የተከመረው ሦስት አራት ወር ቆይቶ በጥርና በየካቲት ይደርሳል። የበልግ ዝናብ ከጣለ ወይም የመስኖ ውሃ ካለ ከፊሉ ለሽንኩርቱና ለጓሮ አትክልቱ ወዲያው ይውላል። ለማሽላው፣ ለጤፉና ለማሾው የታሰበው ግን የዘር ጊዜው እስኪደርስ መቆየት አለበት። መሐል ላይ ደግሞ የቆላው የሚያዝያና የግንቦት ፀሐይ አለ።

ይህን የምናገረው ደርሶብኝ ነው። አንድ ዓመት ልጆቼ ውሃ እየቀዱ፣ እናታቸው ፍግና አመድ እየተሸከመች ያደረስነውን ክምር “ከደረሰማ ምን ይሆናል?” ብዬ በጓሮ ክፍቱን ተውኩት። በሰኔ ለመበተን ስሄድ ላዩ ደርቆ ትቢያ ሆኗል፤ ጎኑን ዶሮ ጭሮ በትኖታል፤ የበልጉ ዝናብ ያጠበው ጥቁር ውሃ ደግሞ እስከ አጥሩ ድረስ ፈስሶ አገኘሁት። በዚያ ዓመት በጓሯችን ከሁሉ አምሮ የበቀለው አጥሩ ሥር ያለው አረም ነበር። ልጄ “አባዬ፣ ማዳበሪያውን ለአረሙ ነው የሠራነው?” ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከደረሰ በኋላም ሕይወት አለው

ስህተቴ ምን ነበር? የደረሰ ኮምፖስት እንደ ድንጋይ የትም ቢቀመጥ የማይለወጥ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በውስጡ ዓይን የማያያቸው እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ። እነርሱም እንደማንኛውም ፍጡር ውሃና አየር ይፈልጋሉ። ፀሐይ ሲያደርቀው ብዙዎቹ ያልቃሉ ወይም ሥራቸውን ያቆማሉ።

ሁለተኛው ጉዳት በዝናብ የሚመጣው ነው። ሰብልን የሚያለመልመው ናይትሮጅን ኮምፖስቱ ሲበስል በቀላሉ በውሃ ወደሚሟሟ ዓይነት ይለወጣል። ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገርም እንዲሁ ከውሃ ጋር ይሄዳል። ክፍት ክምር ላይ ዝናብ ሲወርድ ከሥሩ የሚፈሰው ሻይ የመሰለ ውሃ ለሰብሉ የታሰበው ምግብ ነው። በሚገባ ካልበሰለ ክምር ደግሞ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተናል፤ አፍንጫን የሚቆጠቁጠው ሽታ ምልክቱ ነው።

የነብዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ለሰባቱ የድርቅ ዓመታት እህል እንዲከማች ሲመክሩ፣ “አስቀምጡ” በማለት ብቻ አላበቁም፤ እህሉ ከዛላው ሳይለይ እንዲቀመጥ ጭምር መከሩ። አቀማመጡንም አብረው አስተማሩ። ለእኛ የሚሆን ትምህርት አለው፤ ማንኛውም ነገር የሚቀመጠው እንደ ባሕርዩ ነው። እህል በደረቅ ይቀመጣል። ኮምፖስት ግን በደረቅ ከተቀመጠ ይሞታል፤ በውሃ ከተነከረ ይታፈናል። የሚስማማው መጠነኛ እርጥበት፣ ጥላ፣ አየርና ክዳን ነው። የዛሬው ትምህርታችን ጠቅላላ ሐሳብ በእነዚህ አራት ቃላት ይጠቃለላል።

መጀመሪያ መድረሱን ማረጋገጥ

ያልደረሰ ኮምፖስት ተጠቅጥቆ ከተቀመጠ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ይበላሻል። ስለዚህ ከማስቀመጣችን በፊት እንፈትነው።

የደረሰ ኮምፖስት ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው፤ ይፈረፈራል፤ ሽታው ዝናብ እንደነካው አፈር ነው። የገባው ቅጠልና ፍግ ተለይቶ አይታወቅም። ረዘም ያለ እንጨት ወደ መሐሉ አስገብተን ጥቂት አቆይተን ስናወጣው የሚሞቅ ከሆነ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ሌላው ፈተና ከማድቤታችን የሚገኘው ፌጦ ነው። በአንድ ጣሳ ኮምፖስት፣ በሌላ ጣሳ ተራ አፈር አድርገን በሁለቱም እኩል ቁጥር ያለው የፌጦ ፍሬ እንዝራ፤ ውሃም እናጠጣ። ፌጦ በጥቂት ቀናት ይበቅላል። በኮምፖስቱ ላይ ያለው ቢያንስ አፈሩ ላይ እንዳለው በቅሎ ከለመለመ ደርሷል። ካልበቀለ ወይም ከገረጣ ክምሩ አንድ ወር ያህል ይጨመርለት። በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎችም ለዚሁ ምርመራ የሚጠቀሙት ይህንኑ ፌጦን ነው።

ቦታ መምረጥ

ቦታው ከፍ ያለና ውሃ የማይተኛበት ይሁን። ከላይ በኩል የሚመጣውን ጎርፍ የሚመልስ ትንሽ ቦይ እንቆፍርለት። ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ ዳር እናርቀው፤ ከክምር የሚታጠበው ውሃ ሰው የሚጠጣው ላይ መድረስ የለበትም። ሌላውን መጉዳት በሃይማኖታችን የተከለከለ መሆኑን አንርሳ።

የዛፍ ጥላ መልካም ነው። ነገር ግን ኮምፖስት በባዶ መሬት ላይ ለወራት ከተቀመጠ የዛፉ ሥር ወደ ክምሩ ገብቶ ምግቡን ይወስዳል። ስለዚህ ሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የእንጨት ርብራብ እናንጥፍ። የቤቱ ወይም የአጥሩ ጥላ ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው።

ሦስት የአቀማመጥ መንገዶች

አንደኛው ክምር ነው፤ ብዙ ላለው ይህ ይስማማዋል። ኮምፖስቱን እንደ ጉልላት አሹሎ መከመር፤ አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃ ይይዛል። ከዚያ በሣር ወይም በማሽላ አገዳ መሸፈን፤ በላዩም ጭቃ መምረግ። ጭቃው እርጥበቱን ይይዛል፤ ዶሮና ነፋስም ይከለክላል። ስንመርገው አንድ ሁለት ቦታ እንጨት ሰክተን፣ ሲደርቅ ነቅለን የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ እንተውለት።

ሁለተኛው ጆንያ ነው። ከተማውም ገጠሩም ጆንያውን ራሱን “ማዳበሪያ” እያለ ይጠራዋል፤ ስሙ የመጣው ከፋብሪካው ማዳበሪያ ነው። ባዶው ጆንያ ለቤታችን ማዳበሪያ መያዣ ሲሆን ስሙ ከግብሩ ተስማማ ማለት ነው። ጆንያው በሽመና የተሠራ ስለሆነ አየር ያስገባል። አፉን አጥብቀን አንሰረው፤ ርብራብ ላይ እናቁመው፤ ፀሐይ አናስነካው። ፀሐይ ላይ ወራት ከቆየ ጆንያው ራሱ ተበጣጥሶ ያልቃል፤ ቁርጥራጩም ከማሳው አይጠፋም። አየር የማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ግን ኮምፖስቱን ያፍነዋል።

ሦስተኛው በርሜል ወይም የእንጨት ሳጥን ሲሆን ጓሯቸው ጠባብ ለሆነ የከተማ ቤተሰቦች ይሆናል። ከሥሩና ከጎኑ ቀዳዳ ይኑረው። ክዳን ይደረግለት፤ ግን አይታሸግ።

ሸራ ያለው ሰው በዝናብ ቀን ክምሩ ላይ ጣል ያድርገው። በበጋው ግን ሸራው ለብቻው ፀሐይ ላይ ከዋለ ውስጡን እንደ ምጣድ ያግለዋል፤ በላዩ ሣር ይደረግበት። በተቀመጠ ኮምፖስት ላይ አመድ መነስነስም ልማድ ሆኖ ይታያል፤ አመድ ናይትሮጅኑ ወደ አየር እንዲተን ስለሚያግዝ እንተወው።

በወር አንድ ጊዜ መጎብኘት

እርጥበቱን የምንለካው በእጃችን ነው። አንድ እፍኝ ወስደን እንጭመቅ። ውሃ ሳይንጠባጠብ ከተጠቀለለ፣ በጣት ሲነኩትም ከፈረሰ ልኩ ነው። ትቢያ ከሆነ ጥቂት ውሃ እናርከፍክፍበት፤ ጨርሶ የደረቀ ኮምፖስት ውሃ እንኳ አልቀበል ስለሚል በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ትንሽ በትንሹ ማርከፍከፍ ይሻላል። ከተንጠባጠበ ወይም ከኮመጠጠ ደግሞ ገልብጠን እናናፍሰው።

አረም ከበቀለበት ፍሬ ሳይዝ እንንቀለው። በተለይ ቅንጨ አረም ዘሩ ብዙ ነው፤ አንድ ተክል በክምሩ ላይ ካፈራ ማሳውን በሙሉ በገዛ እጃችን እንዘራበታለን።

የቆላ ሰው እንደሚያውቀው ጥላና እርጥበት ያለበት ቦታ እባብና ጊንጥ ይወዳሉ። ክምሩን በባዶ እጅ አንክፈት፤ መጀመሪያ በአካፋ ወይም በመንሽ እንነካካው፤ ሕፃናትንም አንላክ። የደረቀው ሲቦን አፍና አፍንጫን በሻሽ መሸፈን፣ ቁስል ያለበትን እጅ አለማስነካት ያስፈልጋል፤ መንጋጋ ቆልፍ ከአፈርና ከፍግ ሊመጣ ይችላል።

የጠሃራም ጉዳይ አለ። የእንስሳት ፍግን በተመለከተ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት አለ። በሻፊዒያ መዝሀብ ነጃሳ ነው፤ በማሊኪያና በሐንበሊያ ግን ሥጋው የሚበላ እንስሳ ፍግ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የተለየ ልብስ መያዝ፣ ለሰላት ከመቆም በፊት እጅና እግርን በሚገባ መታጠብ ጥንቃቄ ነው። ዝርዝሩን ከአካባቢያችሁ ዑለማእ ጠይቁ።

ስንት ጊዜ ይቆያል? ሲወጣስ?

በሚገባ የተቀመጠ ኮምፖስት እስከ ስድስት ወር ብዙም አይጎዳም፤ ከዓመት በላይ ግን ባይቆይ ይመረጣል። ረቂቅ ተሕዋስያኑ እየበሉት መጠኑም ኃይሉም ይቀንሳል። ቢሆንም የቆየውን አንጣለው፤ ምግቡ ቢያንስም አፈርን ማላላቱና ውሃ ማስያዙ አይቀርም። ብዙ ክምር ያለው ሰው የደረሰበትን ወር በእንጨት ላይ ጽፎ ይስካበት፤ የቀደመው ቀድሞ ይውጣ።

በዘር ጊዜ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ እናውጣ፤ የቀረውን መልሰን እንክደን። ማሳ ላይ በትኖ ፀሐይ ሲመታው መዋል እስካሁን የጠበቅነውን በአንድ ቀን ማጥፋት ነው። በጠዋት ወይም ፀሐይ ሲበርድ ተወስዶ ወዲያው በአፈር ይሸፈን። መጠኑ ለማሳው ሁሉ ካልበቃ ለችግኝ መደብና አቀንጭራ ለሚያስቸግረው የማሽላ ማሳ ቅድሚያ እንስጥ። አቀንጭራ የሚበረታው በደከመ መሬት ላይ ነውና።

ይህ ሁሉ ድካም ዋጋ አለው? አዎን። የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከትግራይ ክልል ግብርና ቢሮ ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥራ፣ በኮምፖስት የለማ ማሳ የፋብሪካ ማዳበሪያ ካገኘው ጋር የሚስተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጥ በገበሬው ማሳ ላይ አሳይቷል። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልላችን እጥረት ሲፈጠር ገበሬው ምን ያህል እንደተጨነቀ አይረሳም። በዚያን ጊዜ በጓሮው የተከደነ ክምር የነበረው ሰው ችግሩ ባይቀርለትም ቀሎለታል።

የተከበራችሁ ቤተሰቦች! የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት አስተምረውናል። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትንም ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። ዝናቡ የአላህ ነው፤ ክዳኑ ግን የእኛ ሥራ ነው። ቤተሰብ ወራት የደከመበትን ነገር ለፀሐይና ለጎርፍ መተው አላህ የማይወደው ማባከን ነው። ከተረፋችሁም ጉልበት ለሌላት ጎረቤታችሁ አንድ ጆንያ አድርሱላት።

እኔ ከዚያ ዓመት ወዲህ ክምሩን የምመርገው ከልጄ ጋር ነው። የመተንፈሻውን እንጨት የምትሰካው እሷ ናት።

አላህ (ሱ.ወ.) ዝናቡን የራሕመት፣ መሬታችንን የበረካ፣ አገራችንንም የሰላም ያድርግልን፤ አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።