ስድስት ፊደል ሲጎድል

ላስታ ውስጥ ብራና የዳሰሰ ሰው ግድፈት ምን እንደሆነ ያውቃል። ቁም ጸሐፊው ይደክመዋል፤ ዓይኑ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይዘልና አንዲት ቃል ትቀራለች። ከእሱ የሚገለብጠውም ግድፈቷን እንዳለች ይዟት ይሄዳል። ከሦስትና ከአራት ቅጂ በኋላ አንድ መጽሐፍ ከየትኛው እንደተቀዳ የሚያሳብቅበት በትክክል የተጻፈው ገጽ ሳይሆን ስሕተቱ ነው።

ኮሮና ቫይረስም በዚህ በኩል ከብራና አይለይም። ሠላሳ ሺህ ገደማ ፊደል ያለው፣ በአራት ዓይነት ሆሄ ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው። ሰው ሰውነት ውስጥ ገብቶ በተባዛ ቁጥር ያ ጽሑፍ ይገለበጣል። ከኢንፍሉዌንዛ የሚሻለው የራሱ አራሚ ስላለው ነው፤ ሲገለብጥ የተሳተውን ተመልሶ የሚያርም ፕሮቲን አለው። ሆኖም አራሚውም ያመልጠዋል፤ ያመለጠው ሲጠራቀም ደግሞ ዜና ላይ «አዲስ ዝርያ» ተብሎ እንሰማዋለን። ታዲያ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ሰው ይህን አዲስ ዝርያ በምን ያውቀዋል?

የ2012 ገናን ላሊበላ ያከበሩ ተሳላሚዎች አገራቸው ገብተው ሳይጨርሱ፣ ከበዓሉ አራት ቀን በኋላ፣ የቻይና ተመራማሪዎች የቫይረሱን ሙሉ ጽሑፍ ለዓለም አወጡት። በርሊን በሚገኘው ሻሪቴ ሆስፒታል የክርስቲያን ድሮስተን ቡድን በቀናት ውስጥ መመርመሪያ አዘጋጀ። የሚገርመው ቫይረሱ በእጃቸው አልነበረም። ጽሑፉ በቂ ነበር።

ምክንያቱም ፒሲአር የሚባለው ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሙሉ አድርጎ ማየት አይደለም። ሃያ ገደማ ፊደል ያላቸው ሁለት አጫጭር ቁራጮች፣ ፕራይመሮች፣ ይሠሩለታል። እነዚህ የተመረጠውን ቦታ ከግራና ከቀኝ ይይዙና መካከሉ እንዲባዛ ያደርጋሉ። ሦስተኛው ቁራጭ፣ ፕሮብ፣ መካከሉ ላይ ያርፋል፤ ቅጂ በተሠራ ቁጥር ብርሃን ይሰጣል። ማሽኑ ናሙናውን እያሞቀና እያቀዘቀዘ ይሄንኑ አርባ ጊዜ ይደጋግመዋል። በእያንዳንዱ ዙር ቅጂው እጥፍ ስለሚሆን በአሥር ዙር አንዱ ከሺህ በላይ ይሆናል። ብርሃኑ በሃያኛው ዙር ከታየ ሰውዬው ብዙ ቫይረስ ተሸክሟል፤ በሠላሳ አምስተኛው ከታየ ያለበት ጥቂት ብቻ ነው።

አገራችን ውስጥ ነገሩ በደቡብ አፍሪካ በኩል ነው የጀመረው። መጀመሪያ የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ወደዚያ ይላክ ነበር። ጥር 2012 ሳያልቅ ግን የአዲስ አበባ ሰው እስካሁን «ፓስተር» እያለ የሚጠራው ሰፈር ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በራሱ መመርመር ቻለ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ፣ ይፋ ተደረገ። ቀጥሎ ምርመራው ወደ ክልሎች ወጣ፤ ለወሎም የአማራ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የደሴ ቅርንጫፍ ላቦራቶሪ ደረሰለት። መስከረም 2013 ላይ ደግሞ የቻይናው ቢጂአይ አዲስ አበባ ላይ የመመርመሪያ ኪት ፋብሪካ ከፈተ።

ይህ ሁሉ «ቫይረሱ አለ ወይስ የለም» ለሚለው ጥያቄ ነው። ዝርያን መለየት ሌላ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው መልስ የመጣው ደግሞ ማንም ሳያስበው፣ ከተበላሸ ምርመራ ነው።

ታቅፓዝ የሚባለው ኪት አንድ ናሙና ላይ ሦስት ቦታ ያያል፤ ኦአርኤፍ1ኤቢ፣ ኤን እና ኤስ። ኤስ ቫይረሱ ሴላችንን የሚይዝበትን እሾህ የሚሠራው ክፍል ነው። በ2013 መጀመሪያ ወራት የእንግሊዝ ላቦራቶሪዎች ግራ የሚያጋባ ውጤት ይበዛባቸው ጀመር። ሁለቱ መስመሮች ስክሪኑ ላይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ የኤስ መስመር ግን ከወለሉ አይነሳም። የኪት ብልሽት ይመስላል። ሲጣራ ግን ከእሾሁ ጽሑፍ ስድስት ፊደል ተገድፏል፤ ፕሮቡ የሚያርፍበት ቦታ ራሱ የለም። አልፋ የተባለው ዝርያ ነበር። ከዚያ በኋላ የኤስ ዝምታ ራሱ መልእክት ሆነ። በእኔ እይታ በወረርሽኙ ዘመን ከታዩት የላቦራቶሪ ብልሃቶች ይህን የሚያክል የለም፤ የመመርመሪያውን ጉድለት መመርመሪያ አደረጉት።

በእርግጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቫይረሱ ጥቂት ከሆነ ሦስቱም መስመሮች ይደክማሉ፤ ኤስ በአጋጣሚ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ዝምታው የሚቆጠረው ሌሎቹ ሁለቱ ከሠላሳኛው ዙር በፊት በደንብ ሲወጡ ነው። በተጨማሪ ኪቱ ራሱ ኤስን የሚያይ መሆን አለበት። በብዙ አገር የተሠራበት የቢጂአይ ኪት የሚያየው ኦአርኤፍ1ኤቢን ብቻ ስለነበር ታማሚውን ያገኛል እንጂ ስለ ዝርያው የሚናገረው የለውም።

ኅዳር 2014 ላይ ደልታ የተባለው ዝርያ ዓለምን ይዞ ሳለ (ያቺ ግድፈት የለበትም) በደቡብ አፍሪካ ጋውቴንግ የኤስ መስመር በድንገት ይጠፋ ጀመር። ቦትስዋና ያሉ ተመራማሪዎችም በዚያው ሰሞን እንግዳ ጽሑፍ አነበቡ። ኅዳር 17 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ኦሚክሮን ብሎ ሰየመው። በዚያ ሳምንት ላሊበላም ደሴም ጦርነት ውስጥ ነበሩ። ዓለም ስለ ኤስ ጂን ሲያወራ ከወሎ ደጋ ናሙና ይዞ ደሴ የሚደርስ መኪና የማይታሰብ ነበር።

ጉድለትን መጠበቅ ግን እድል ላይ መተማመን ነው። ቀጣዩ ሥራ ዝርያውን ታስቦበት የሚለይ መመርመሪያ መሥራት ነው። ለምሳሌ ደልታ ውስጥ ካሉት የተለወጡ ፊደሎች አንዷን እንውሰድ። ባለሙያው ሁለት ፕሮብ ያሠራል፤ አንዱ ለነባሯ፣ ሌላው ለተለወጠችው ፊደል፣ በተለያየ ቀለም የሚበሩ። ፕሮቡ ልኩን ሲያገኝ አጥብቆ ይይዛል፤ በአንዲት ፊደል ከሳተ አያያዙ ይላላና ሙቀቱ ከፍ ሲል ቀድሞ ይላቀቃል። ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ነው። ሥራው ሁሉ ያረፈው በእነዚያ ዲግሪዎች ላይ ነው።

ወረቀት ላይ ያማረ ፕሮብ ጠረጴዛ ላይ ይፈተናል። ዘጠና ስድስት ጉድጓድ ያለው፣ መዳፍ የሚያህል የፕላስቲክ ሳህን በረዶ ላይ ይቀመጣል። በፋብሪካ የተሠራ፣ የማይተላለፍ የቫይረሱ ጽሑፍ ቁራጭ እየቀጠነ ይጨመራል፤ አንድ ሺህ ቅጂ፣ መቶ፣ አሥር። በተመሳሳዩ መጠን ከሃያ ጉድጓድ ቢያንስ አሥራ ዘጠኙ ካበሩ መጠኑ እንደ ወሰን ይያዛል። ሌላ ጉድጓድ ውስጥ የተራ ጉንፋን ቫይረስ ይገባል፤ እዚያ ማብራት የለበትም። አንዱ የሰው ጂን ይፈለግበታል፤ ከጠፋ ጥጡ አፍንጫውን በደንብ አልነካም ማለት ነው። አንዱ ደግሞ ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። ውኃው ካበራ የዕለቱ ድካም በሙሉ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ቴክኖሎጂስቶች ከሁሉ ቀድመው የሚያዩት የውኃውን መስመር ነው።

ይህን ሁሉ አልፎም የመመርመሪያ ዕድሜ አጭር ነው። ከኦሚክሮን ወገን ቢኤ2 የተባለው ሲመጣ ያቺ የስድስት ፊደል ግድፈት አልነበረችበትም፤ የኤስ መስመር ተመልሶ ተነሳ፣ አገር የተማመነበት ምልክትም ጠፋ። ያን ጊዜ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ከማንበብ በቀር መንገድ የለም። ይህን ንባብ እኛ ዘንድ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና በ1962 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ምርምር የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን ይሠሩታል። ከማንበቢያ ማሽኖቹ ሚናየን የሚባለው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ኪስ የሚያራቁተው በውስጡ የሚገባው ሪኤጀንት የሚባል ኬሚካል ነው።

ግድፈት የሚያመጣው ጣጣ የቫይረስ ብቻም አይደለም። ለቀን ሥራ ወደ ሁመራና መተማ የሚወርድ የላስታ ወጣት ወባ ይዞ ሲመለስ ጣቱን ተወግቶ በፈጣን መመርመሪያ ይታያል። ለዓመታት በስፋት የተሠራበት መመርመሪያ የሚፈልገው ተሕዋስያኑ የሚሠሩትን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ይህን የሚሠራው ጂን የተገደፈባቸው የወባ ተሕዋስያን እንዳሉ አሳይቷል። ሰውዬው ይንቀጠቀጣል፣ መመርመሪያው «ነጻ» ይላል። እዚህ ላይ ያንኑ ተሕዋስ የሚፈልግ ሁለተኛ መስመር ስለሌለ ዝምታውን የሚያጋልጠው የለም።

አሁን ስሟ ራሱ ጤና ከያዘው ከደላንታዋ ወገል ጤና አንድ ናሙና ይነሳ እንበል። ጥጡ ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ገብቶ፣ በረዶ ባለው ሳጥን ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ተጠብቆ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ማሽን ፊት መድረስ አለበት። የደላንታ ብርድ በረዶውን አይተካም፤ ቀን ፀሐዩ መኪና ውስጥ ያለውን ያበስለዋል። ገደል ወርዶ ገደል ወጥቶ ደሴ ይደርሳል፣ ማሽኑ ሦስት መስመር ያወጣል። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣ እና ባዶ። ቴክኖሎጂስቷ ቅጹን ትስባለች። ቅጹ ላይ ያለው ሣጥን ሁለት ነው፤ «ፖዘቲቭ» እና «ኔጋቲቭ»። የመጀመሪያው ላይ ምልክት ታደርግና፣ እስክሪብቶዋን ሳታስቀምጥ፣ ኅዳጉ ላይ በደቃቁ «ኤስ የለም» ብላ ትጽፋለች።