ምጣዱ ሥር ያለው ሒሳብ

በብርዳማ አገሮች የቤት የኃይል ፍተሻ የሚያካሂድ ባለሙያ ሥራውን ከግድግዳና ከመስኮት ይጀምራል። በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይስባል፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ሾልኮ የሚገባበትን ስንጥቅ ሁሉ እየተከታተለ ይደፍናል። የዚያ አገር ቤተሰብ ዋና ወጪ ቤት ማሞቅ ስለሆነ አካሄዱ ትክክል ነው። ጅማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ማታ ጋቢ ቢያስደርብ እንጂ ቤት የሚያስሞቅ ብርድ የላትም፤ ማቀዝቀዣ የሚያስተክል ሙቀትም የላትም። ጅማም ሆነ አጋሮ፣ ሊሙ ገነትም ሆነ ሰርቦ፣ የቤት ኃይል የሚያልቀው ማዕድ ቤት ነው። ማዕድ ቤት ውስጥም ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ምጣድ ነው።

ስለዚህ የእኛ ፍተሻ ጎንበስ ብሎ ምጣዱን ከሥሩ ከማየት መጀመር አለበት። ይህ ሥራ እጅግ የተናቀ ነው። የኃይል ቁጠባ ሲባል ሰው የሚታየው ፋብሪካ ነው፤ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ስለ ኃይል ቁጠባ ሲደነግግም ብዙ አንባቢ ጉዳዩን የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ጉዳይ አድርጎ ነው የወሰደው። የአንድን ቤተሰብ በር አንኳኩቶ ምጣዱን የሚመረምር ባለሙያ በየቀበሌው የለም። ፈታሿ ያው የቤቱ እመቤት ናት፤ ለመፈተሽ የሚያስፈልጋትን መሣሪያ አብዛኛውን ደግሞ በእጇ ይዛዋለች።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው የጊቤ አንድ ኃይል ማመንጫ ጣቢያን ሰው ሠራሽ ሐይቅ በመስኮት እያየ ያልፋል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ይህ ጣቢያ የማመንጨት አቅሙ 184 ሜጋዋት ነው። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። አካፍሉት፤ ያ ሁሉ ውኃ፣ ያ ሁሉ ተርባይን በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በአንድ ጊዜ የሚያስጥደው 52 ሺህ ተኩል ገደማ ምጣድ ነው። በመንገድ ላይ የሚባክነውን ኃይል ሳንቆጥር ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ምጣድን ጥቃቅን የጓዳ ዕቃ ማለት አይቻልም።

ሆኖም የመብራት ሒሳብ ሲበዛ የብዙ አባወራ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው አምፖል ላይ ነው። “ያን መብራት አጥፉ!” የሚለው ቁጣ ያልተሰማበት ቤት የለም። ለዚህ ምክንያት አለ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ መብራት ኃይል አሮጌውን አምፖል እየተቀበለ በቆጣቢ አምፖል ሲቀይር፣ ቁጠባ ማለት አምፖል ማለት ነው የሚል እምነት በሰው ልብ ተተከለ። ለአገር ሥራው ትክክል ነበር፤ በምሽት በአንድ ሰዓት የሚበሩ ሚሊዮን አምፖሎች ሲደመሩ የግድብ ያህል ናቸው። አንድ ቤት ውስጥ ግን ቆጣቢ አምፖል የገጠመ ሰው ያንን ሥራ ጨርሷል፤ ከዚያ ወዲያ ልጆቹን በጨለማ ማስጠናት ቁጠባ አይደለም።

የማያምን ቆጣሪውን ይጠይቅ። ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለችው፤ አጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። 1600 የሚል ከሆነ እንዲህ እናስላ። በቤቱ ያለውን ሁሉ አጥፍተን አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል ብቻ ብናበራ፣ አንዲት ብልጭታ ለማየት አራት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆመን እንጠብቃለን። አምፖሉን አጥፍተን ምጣዱን ብንሰካ ደግሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 93 ጊዜ ትበራለች፤ ለመቁጠርም ታስቸግራለች። አንድ የሰርቦ ጎልማሳ ሚስቱን በአምፖል ሲጨቀጭቅ አግኝቼው ይህን አሳይቼዋለሁ። ቆጣሪው ፊት ቆሞ ካየ በኋላ ስለ አምፖል አላነሳም። ሁሉም ነገር ተነቅሎ ሳለ መብራቷ ብልጭ ማለቷን ካላቆመች ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወይ የተረሳ ዕቃ አለ፣ ወይ የቤቱ መስመር የሚያፈስበት ቦታ አለ፣ ወይ ከዚያ ቆጣሪ የሚስብ ሌላ ሰው አለ። ኤሌክትሪሻን ይጠራ።

አሁን ወደ ምጣዱ። ክብ ሸክላ ነው፤ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሆዱ በኩል ጥምዝምዝ ቦይ ይወጣለታል፣ የሚግለው ሽቦ ቦዩ ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ ሁሉም በላሜራ ታቅፎ እግር ይበጅለታል። ሽቦው ሲግል ሙቀቱን ወደ ላይ ብቻ አይልክም። ከላይ ሊጥ ይጠብቀዋል፤ ከታች ደግሞ በብዙ ምጣዶች ላይ ከቀጭን ላሜራና ከባዶ አየር በቀር የሚያግደው የለም። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ሳትነኩ እጃችሁን ከምጣዱ ሥር አስጠጉ፤ የሚወላፈነው ሙቀት የተከፈለበት ነው፤ እንጀራ ግን አልሆነም። ከሽቦው በታች ሙቀት የማያሳልፍና የማይቃጠል ነገር በደንብ የተሞላለት ምጣድ በዚህ በኩል የሚያባክነው በጣም ያነሰ ነው። አዲስ ስትገዙ ሻጩን ሥሩን ገልብጦ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። አሮጌውንም ምጣድ ሠሪው ዘንድ ወስዶ ሥሩን ማስሞላት ይቻላል። በቤት ውስጥ ግን ማንም አይሞክረው፤ ሽቦው ከላሜራው ጋር ከተነካካ ሰው ይገድላል።

ሸክላውን ኋላቀር እያሉ የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ፤ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስበት የምጣዱ ፊት ሙቀት ይወርዳል፤ ሸክላው በሆዱ ያጠራቀመውን ቀስ ብሎ ስለሚመልስ ነው እንጀራው ሳያር የሚበስለውና ዓይን የሚያወጣው። ዋጋው ግን በቅድሚያ ይከፈላል። ምጣዱ ለመጀመሪያው እንጀራ እስኪደርስ 20 ደቂቃ ቢፈጅ፣ አንድ እንጀራ ሳይወጣ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሄዷል። ይህ አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል በየምሽቱ አምስት ሰዓት እየበራ ለ23 ምሽት የሚፈጀው ነው። እንግዲህ ዛሬ አምስት፣ ነገ ስድስት እንጀራ እየጋገሩ ምጣዱን በየጊዜው ከቅዝቃዜው የሚያነሱ ቤቶች ያንን ክፍያ በየቀኑ ይደግሙታል። ሦስት ቀን የሚበቃውን ባንድ ጊዜ መጋገር ምንም ዕቃ ሳይገዛ የሚገኝ ቁጠባ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ተራ ይዘው በአንድ የጋለ ምጣድ ቢጋግሩ ደግሞ የአንዷ ማሟቂያ ሙሉ በሙሉ ይቀራል።

አጋሮ ላይ ይህን ጥበብ ማንም ሳያስተምራቸው የሚያውቁ እናት አሉ። ሊጡ ሦስት አራት እንጀራ ሲቀረው ሶኬቱን ይነቅላሉ፤ የቀሩትን ሸክላው ባጠራቀመው ሙቀት ያወጣሉ። የመጨረሻው እንጀራ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ከሌሎቹ አይለይም። አብዛኛው ምጣድ ሙቀቱን መጥኖ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ የለውም፤ የእሳቸው እጅ ነው መቆጣጠሪያው። ምጣዱን ሰክተው ሊጥ ሊያቀጥኑ፣ ማሰሻ ሊፈልጉ፣ ስልክ ሊያነሱ የሚሄዱ ወጣቶች ከእሳቸው ቢማሩ ደስ ይለኛል። አክንባሎውንም ልብ በሉ። ጠርዙ ተሸራርፎ እንፋሎቱ በየጎኑ የሚያመልጥ ከሆነ እንጀራው ይዘገያል፣ በዘገየ ቁጥር ሽቦው እየሳበ ነው።

ምሽት ላይ ኃይል ሲቀንስ የሚጋግሩ ሰዎች ደግሞ ሳያውቁት ይጎዳሉ። ምጣዱ የተሠራው ለ220 ቮልት ነው እንበል። መስመሩ ወደ 180 ሲወርድ ቮልቱ የቀነሰው ከአምስት አንድ ገደማ ቢሆንም የምጣዱ ጉልበት በሲሶ ይወድቃል። ከሥሩ የሚያመልጠው ሙቀት ግን ምጣዱ ጋለ ከተባለ ጀምሮ ያው ማምለጡን አያቆምም። ስለዚህ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ጋገራ ወደ ሁለት ይጠጋና በድምሩ የበለጠ ኃይል ይበላል። ሰው ሁሉ ራት በሚያበስልበት ሰዓት ከመሽቀዳደም ረፋድ ላይ ወይም ከቀትር በኋላ መጋገር ይሻላል።

አንድ ነገር በጣም ያበሳጨኛል። ሽቦው ሲበጠስ ጠጋኙ ሁለቱን ጫፎች ጠምዝዞ ያገናኛል፤ በዚህ ጊዜ ሽቦው ያጥራል። ያጠረ ሽቦ አነስ ያለ ተቃውሞ ስላለው ብዙ ኃይል ይስባል፣ የተጠመዘዘበት ቦታም ከሌላው ይበልጥ ይግልና እንደገና ይበጠሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ የተቀጠለ ምጣድ አንድ ቦታ ያሳርራል፣ ሌላውን ጥሬ ይተዋል፤ ባለቤቷም ጥፋቱን በሊጡ ታሳብባለች። ሙሉ ሽቦ ይቀየር። ሶኬቱና ገመዱም አብረው ይታዩ፤ 3.5 ኪሎዋት ማለት 16 አምፔር ገደማ ነው፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን በተገዛ ቀጭን ማካፈያ የሚያልፍ ጭነት አይደለም። ምጣዱ ሲሠራ መሰኪያው ከሞቀ፣ ያ ሙቀት ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ የእሳት አደጋም መነሻ ነው።

ከከተማ ወጣ ሲባል፣ በጎማ፣ በጌራና በሰቃ ጨቆርሳ መንደሮች፣ ምጣዱን የሚያግለው እንጨት ነው። እዚህ ፍተሻው በሚዛን ይሠራል። በቡና አገር ሚዛን አይታጣም፤ ከመጋገር በፊት እንጨቱን መዝኑ፣ ሲያልቅ የተረፈውን መዝኑ፣ ልዩነቱን ጻፉት። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ እሳቱን ለነፋስ ይሰጣል። በ1980ዎቹ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ይህን ለማስቀረት የመጣ ነው፤ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም ከአሸዋ የሚቀረጹ አራት ግድግዳዎች ምጣዱን ዙሪያውን ይከባሉ፣ ጢሱ በሚወጣበት ከኋላ በኩል ደግሞ ድስት ይቀመጣል። በቤተ ሙከራ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። በገጠር ቤቶች ሲለካ ግን ቁጠባው ወደ ሩብ ገደማ የሚወርድበት ጊዜ አለ።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ በየቤቱ ይታያል። ክፍሎቹ የተገጣጠሙበት ቦታ በምርግ አልተደፈነም። ምጣዱ ከምድጃው ያንሳል፣ በጠርዙ ዙሪያ ነበልባል ይወጣል። ትልቅ ግንድ ካልገባ እሳት አይነድም ብሎ የምድጃውን አፍ በመዶሻ ያሰፋ ሰውም አይቻለሁ። አፉ ጠባብ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ እንጨቱ ቀጠን ቀጠን ብሎ ተፈልጦ በጥቂቱ እንዲገባ ነው። እንጨቱ ራሱ ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት። በጉንደላ የወጣ የቡና ግንድ ጠንካራና ጥሩ ማገዶ ነው፣ ነገር ግን ዛሬ ተቆርጦ ነገ ከነደደ ጉልበቱ በውስጡ ያለውን ውኃ በማትነን ያልቃል። ዝናቡ ብዙ ወር በሚዘልቅበት በጅማ አካባቢ፣ ከኩሽናው ጣራ ሥር ቢያንስ ለአንድ በጋ ተደርድሮ የከረመ እንጨት ከማንኛውም አዲስ ምድጃ ቀድሞ መታሰብ ያለበት ነው።

የቀረውን ባጭሩ። ለቡናና ለወጥ ከሰል የሚያነዱ ቤቶች የቆርቆሮውን ምድጃ ላቀች በተባለው ምድጃ ቢለውጡ፣ በውስጡ ያለው ሸክላ ሙቀቱን ስለሚይዝ ከሰሉ ይበረክታል። የፍሪጅ በር ጎማ ከላላ ይቀየር። ባቄላ ከመቀቀሉ በፊት ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ጥራጥሬ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ይቀራል። በጅማም በአጋሮም ብዙ ተከራይ በአንድ ግቢ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል፤ ሒሳቡም የሚከፋፈለው በአምፖል ቁጥር ነው። አንድ አምፖልና አንድ ስልክ ያላት ተማሪ አንድ አምፖልና ምጣድ ካለው ቤተሰብ ጋር እኩል ትከፍላለች። ቤተሰቡም የሚጠቀመውን ያህል ስለማይከፍል ምጣዱን ከሥሩ ለማየት ምክንያት የለውም። ከዚህም በላይ ታሪፉ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ስለሚያስወድድ፣ የአራት ቤት ፍጆታ ባንድ ቆጣሪ ሲደመር ሁሉም ወደ ውድ እርከን ይገፋሉ። መፍትሔው ለየቤቱ የራሱን ቆጣሪ ማስገባት ነው። እስከዚያው አከራዮች ቢያንስ ስሌቱን ያስተካክሉ፤ እያንዳንዱ ቤት በወር ስንት ሰዓት እንደጋገረ በደብተር ይያዝ፣ ሰዓቱ በ3.5 ይባዛ፣ ያ ከጠቅላላው ኪሎዋት ሰዓት ተቀንሶ ለጋጋሪዎቹ ይጻፍ፣ የተረፈው ብቻ በአምፖል ይከፈል።