አራት ቀን በስቶክሆልም፦ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ሲጎበኙ

ልጆቻችን ውጭ አገር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ብዙዎቻችን አያቶች በስተርጅና አውሮፕላን ተሳፋሪ ሆነናል። ጉዟችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከልጅ ቤት ሳሎን አያልፍም፤ ሕፃን ስንይዝ፣ ወጥ ስንሠራ ሰንብተን እንመለሳለን። እኔና ባለቤቴ ስዊድን ያለችውን ልጃችንን ለመጠየቅ ስንሄድ ግን አራት ቀን ለስቶክሆልም ብቻ መደብን። ባለቤቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ የስኳር ሕመም አለባቸው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። የልጅ ልጃችን 8 ዓመቷ ነው። ልጄ «እማዬ፣ አባዬ ይህን ሁሉ መንገድ ይችላል?» ብላ ሰግታ ነበር። እኔም የነርስነት ልማዴ ነውና ዕቅዱን ቁጭ ብዬ አወጣሁ።

ወሩን መምረጥ

በታኅሣሥ አጋማሽ ስቶክሆልም ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ሲሆን፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። መንገዱ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ዕድሜ መውደቅ ደግሞ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊያመጣ ይችላል። በሰኔ በተቃራኒው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ፀሐይ አለ፤ ሕፃናት እንቅልፍ እንቢ ይላሉ። እኛ የመረጥነው የግንቦትን መጨረሻ ነው። ያኔም ቢሆን ሹራብና ጃኬት አይቀርም።

ከመነሳት በፊት

የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር መግባት አለበት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ይጠየቃል። ውሉን ስታነቡ ነባር ሕመምን ይሸፍን እንደሆነ አረጋግጡ።

መድኃኒት ለቆይታው ከሚበቃው ላይ የአንድ ሳምንት ጨምራችሁ፣ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ ያዙ። ኢንሱሊን በምንም ምክንያት ወደ ዕቃ ክፍል በሚገባው ሻንጣ አይከተት፤ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ይበላሻል። አውሮፕላን ውስጥ ውኃ ጠጡ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ፣ ሲቻል ተነስታችሁ ተራመዱ፤ ረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል።

ለአንድ ቀን አንድ ሰፈር

ስቶክሆልም በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ሁሉን አያለሁ ያለ ምንም ሳያይ ይመለሳል። ሕጋችን ጠዋት አንድ ትልቅ ነገር፣ ከምሳ በኋላ እረፍት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጋምላ ስታን ወደሚባለው አሮጌው ከተማ ሄድን። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ የለመዳችሁትን ጫማ አድርጉ። ስቱርሽርካን በተባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1489 የተመረቀ፣ ከእንጨት የተቀረጸ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሐውልት አለ። ፈረሱ፣ ጦሩ፣ ዘንዶው ሁሉም አለ። ባለቤቴ ከፊቱ አልነሳ አሉ፤ የልጅ ልጃችንም «ይሄ የእኛም አይደል?» አለች። በጣም ጠባብ በሆነው ቦታ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነውን የደረጃ መንገድ እናትና ልጅ ወጡት፤ እኛ ከታች ጠበቅናቸው።

በሁለተኛው ቀን የቫሳ መርከብ ሙዚየምን አየን። ቫሳ እ.ኤ.አ. በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ ገና ከወደቡ ብዙም ሳትርቅ ሰጠመች። ከላይ ከብዳ ስለነበር ነፋስ ሲያጋድላት ውኃው በመድፍ መስኮቶቿ ገባ። ከ333 ዓመት በኋላ፣ በ1961 ወጣች። ልጆች እስከ 18 ዓመት በነፃ ይገባሉ፤ ሊፍትም አለ።

ሰልፍ ላይ ሳለን ባለቤቴ ዝም አሉ፤ ግንባራቸውን አላባቸው። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። ወንበር ላይ አስቀምጬ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ጭማቂ አጠጣኋቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለክቼ ሲስተካከል ዳቦ በሉ። ከሰዓት በኋላ ያሰብነውን የጀልባ ጉዞ ሰርዘን ተኛን። የስኳር ሕመምተኛ ይዛችሁ ስትጓዙ ጭማቂና መለኪያው ከእጃችሁ አይራቁ፤ ብዙ መራመድ ብቻውን ስኳር ያወርዳል።

በሦስተኛው ቀን እ.ኤ.አ. በ1891 ወደተከፈተው ስካንሰን ሄድን። ከየክፍለ ሀገሩ ተነቅለው የመጡ ጥንታዊ ቤቶችና የሰሜን እንስሳት አሉበት። ቦታው ዳገት ስለሆነ ግማሹን ብቻ አየን።

አራተኛውን ቀን ሆን ብዬ ባዶ ተውኩት። ስዊድኖች «ፊካ» የሚሉት ቡና ጠጥቶ የመጨዋወት ልማድ አላቸው፤ ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ዕጣኑ ብቻ ነው የጎደለው።

ጥቂት ምክሮች

ገንዘቡ ክሮና ነው፤ ብዙ ቦታ ግን በጥሬ ገንዘብ ስለማይሸጡ ካርድ ያዙ። የቧንቧው ውኃ ይጠጣል። የ24 ወይም የ72 ሰዓት የትራንስፖርት ትኬት ባቡርና አውቶቡስ ላይ ያገለግላል፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ቅናሽ አለ። ለድንገተኛ አደጋ 112፣ ለጤና ምክር 1177 ይደወላል።

ከዝርዝራችን ግማሹን ሳናየው ተመለስን። የልጅ ልጃችን ግን ዛሬም ስትደውል የምታወራው ከአያቷ ጋር ስላየችው ፈረስና ስለሰጠመችው መርከብ ነው። ጤናው ካላችሁ ለነገ አትበሉ፤ ቀኑን አሳንሱ እንጂ ጉዞውን አታስቀሩ።